በሽታ የምትሄደው መኪና

ታላላቅ ሰዎች የሚታወቁት በተሸከሙት ኃላፊነት ነው ይባላል። የእህቴ ባል ግን የታወቁት ባልጫኑት ጭነት ነው። ይህን የምለው እንደ ምቀኛ ዘመድ አይደለም። በእሳቸው ቤት የምበላ፣ በእሳቸው ጣሪያ ሥር የማድር፣ መኪናቸውንም ዳገት በመጣ ቁጥር ከኋላ የምገፋ የሚስታቸው ታናሽ ወንድም ስለሆንኩ ምስክርነቴ የቅርብ ነው። የሰፈሩ ሰው «አማካሪው» ይላቸዋል። ሹመቱን የሰጣቸው የለም፤ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ መጥቶ ስለሚማከር ነው። ከእሳቸው ጋር ተማክሮ መኪና የገዛ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ይህም የምክራቸውን ጥልቀት ያሳያል።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ብዙ ነገር ሁሉ በትዳር ነው። እህቴ ሶፋ ትሠራለች። ከቤታችን ጓሮ ባለችው ወርክሾፕ እሷ እንጨቱን ትቆርጣለች፣ ትገጥማለች፤ እኔ ስፖንጁን አልብሼ ጨርቁን እወጥራለሁ። ሶፋ እንደ መሐረብ ተጣጥፎ ኪስ አይገባምና፣ እህቴ «ፒካፕ ያስፈልገናል» አለች። ባሏ ደግሞ የአንድ ጽሕፈት ቤት ረዳት ኃላፊ ናቸው። ረዳት ኃላፊ በፒካፕ ወደ ቢሮ ሲገባ ዘበኛው «ዕቃ በጓሮ በር ነው የሚገባው» እንዳይለው ሰጉና፣ «አውቶሞቢል!» አሉ። እሷ ጭነት፣ እሳቸው ክብር፤ እሷ ጭነት፣ እሳቸው ክብር ሲባባሉ ከርመው ሽማግሌ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ አንድ መኪና ሻጭ ሁለቱንም የሚያስታርቅ ነገር ይዞ መጣ።

ከወገቧ በፊት አውቶሞቢል ናት፤ ከወገቧ በኋላ ፒካፕ። ከፊት ሲያዩዋት ሥራ አስኪያጅ፣ ከኋላ ሲያዩዋት ሽንኩርት ነጋዴ ትመስላለች። «የሌሊት ወፍ ናት፣ ከአይጥም ከወፍም ያልሆነች» ያሉ አልጠፉም። ግን መቼ ነው ምቀኛ ጠፍቶ የሚያውቀው? እህቴ «ዋናው ትጫን» አለች። ባሏ «ዋናው ትታይ» አሉ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ገዟት። ጠቡ የመጣው ከገዟት በኋላ ነው።

አማካሪው በመጀመሪያው ቀን ለመኪናዋ መተዳደሪያ ደንብ አወጡላት። አንደኛ፣ የትም ስትቆም ፊቷ ለሰው፣ ጀርባዋ ለግድግዳ ይሆናል። ሰፈር ውስጥ ጀርባዋን ያየ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ስለምገፋት ከጥቂቶቹ አንዱ ነኝ። ሁለተኛ፣ የጭነት ቦታዋ፣ ማለትም ካሶኒዋ፣ ምንጣፍ ይነጠፍባታል። በምንጣፉም ላይ ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ላስቲክ ይደረጋል። በላስቲኩ ላይ ላስቲኩ እንዳይቀደድ ምንም ነገር አይቀመጥም። እህቴ አንድ ቀን ባዶ ኬሻ ብታስቀምጥባት አማካሪው ወጥተው ኬሻውን በሁለት ጣት አንስተው፣ «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» ብለው እንደ ሞተ አይጥ አሳዩን።

የእህቴ ሶፋ ታዲያ በምን ይሄዳል? በእጅ ጋሪ! ጋሪ ገፊው ሶፋውን ጭኖ እያላበው ከፊት ይሄዳል፤ ፒካፑ፣ ይቅርታ፣ መኪናዋ ባዶዋን ከኋላው ትመጣለች። አንድ ቀን ዝናብ መንገድ ላይ አገኛቸውና የሶፋው ጨርቅ ጭቃ ጠጥቶ ደንበኛው «አልረከብም» አለ። እህቴ ያን ሶፋ ገፍፋ እንደ አዲስ አለበሰችው። አማካሪው ግን «እሰይ! መኪናዋ አለመጫኗ ጠቀማት፤ ያ ሁሉ ጭቃ እሷ ላይ ይሆን ነበር» ብለው አጽናኗት።

አሁን ወደ ነዳጁ እንምጣ፤ የአማካሪው ዝና የተመሠረተው በነዳጅ ላይ ነውና። ቢሯቸው ከቤታችን ቁልቁል ነው። ጠዋት ክራቫታቸውን አስረው፣ ማርሹን ፍሪ አድርገው ይለቋታል፤ እንደ ውኃ ፈስሳ ቢሮ በር ላይ ትደርሳለች። ማታ ሲመለሱ ከዳገቱ እግር ሥር ይቆሙና ክላክስ ያሰማሉ። እኔ መዶሻዬን አስቀምጬ እወርዳለሁ። ቁልቁለቱን ለተፈጥሮ፣ ዳገቱን ለዘመድ ሰጥተውታል። በዚህ ዘዴ የማትቆጥብ መኪና ካለች ትውጣና ትታይ!

ከቢሮ መልስ አማካሪው በራፍ ላይ ወንበር አውጥተው ሲቀመጡ ሸንጎው ይሞላል። አንድ ቀን የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት መጣ። መኪናዋን ከፊት አየ፣ ወደ ኋላ ሊዞር ሲል ግድግዳው ከለከለው፣ ተመልሶ መጣ።

«ነዳጅ ላይ እንዴት ናት?» አለ።

«ነዳጅ?» አማካሪው እንደ ተሰደበ ሰው ፈገግ አሉ። «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ነዳጅ አትጠጣም። በሽታ ነው የምትሄደው!»

«ውይ! ምሕረቱን ይላክላት። ምኗን ነው ያመማት?»

«ምን ምኗን?»

«በሽታው ነዋ! ሞተሯን ነው? ካምቢዮዋን?»

«በሽታ አልኩህ እንጂ በሽታ አልኩህ እንዴ?»

«እኔስ እሱን አይደል የምጠይቅህ? በሽታው ምን ይባላል?»

አስታራቂ ሆኜ የገባሁት እኔ ነኝ። ቋንቋችን ጠብቆ የሚነበብና ላልቶ የሚነበብ አለው፤ ጽሑፍ ላይ ግን ሁለቱም አንድ መልክ ናቸው። «ሽ» ስትላላ ነዳጁን አሽትታ ብቻ ትሄዳለች ማለት ነው፣ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። «ሽ» ስትጠብቅ ግን የሐኪም ቤት ቃል ናት። አንዲት ፊደል በመርገጥና ባለመርገጥ መካከል የመኪናዋ ሕይወት ተንጠልጥላለች። ከዚያ ቀን ወዲያ አማካሪው ያቺን ቃል ሲናገሩ ከንፈራቸውን አላልተው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ሆኑ።

የሸንጎው ጥያቄ አያልቅም። «አስተማማኝ ናት? መንገድ ላይ ቆማ ታውቃለች?» ይሏቸዋል።

«አንድም ቀን!» ይላሉ አማካሪው።

እውነታቸውን ነው። መንገድ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ትንፋሼን ለመሰብሰብ።

«ጭነትስ ትችላለች?»

«ካሶኒዋን ሄደህ እየው። ጭረት ካገኘህባት ይሄ ጢሜ ይላጭ!»

ሰው ይሄዳል፣ በግድግዳውና በመኪናዋ መካከል ሆዱን ስቦ ይገባል፣ ላስቲኩን ገልጦ፣ ምንጣፉን ገልጦ ያያል። ጭረት የለም። «ጉድ ነው፤ ይሄን ሁሉ ጭና እንዲህ!» እያለ ይመለሳል። ምን ጭና እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ዝና እንዲህ ነው፤ አንዴ ከተነሳ በራሱ ይሄዳል፣ የሚገፋው አያስፈልገውም። ከእኛ መኪና የሚለየውም በዚህ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ክብር መሐል አንድ ቅዳሜ መጣ።

እህቴ በሕይወቷ ትልቁን ሥራ አግኝታ ነበር። አንዲት ሴትዮ አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ልትከፍት ነውና የእንግዳ መቀበያዋን ሶፋ በሙሉ ለእኛ ሰጠች። ሌት ተቀን ሠርተን ጨርሰናል። ማረፊያው የሚመረቀው የዚያኑ ዕለት ማታ ነው። ሴትዮዋም ጠዋት ደውላ፣ «የኔ እመቤት፣ እስከ ከሰዓት ካልደረሰልኝ ከሱቅ የተዘጋጀ አመጣለሁ። እንግዳዬን መሬት ላይ አላስቀምጥም» አለች። እህቴ ወጥታ ሰማዩን አየች። ጠቁሯል። ጋሪ ገፊውም ሰማዩ ስላስፈራው ቀርቷል። ገብታ ባሏ ፊት ቆመች።

«ዛሬ መኪናዋ ትሠራለች» አለች።

«ምን ሆና ነው የማትሠራው? ደህና ናት።»

«ሶፋ ትጭናለች ማለቴ ነው።»

አማካሪው ክራቫታቸውን ነካ አደረጉ፤ ከባድ ነገር ሲመጣባቸው የሚያደርጉት ነው። «ዛሬ እኮ ዳኛው ሊያዩዋት ይመጣሉ» አሉ።

«ሊገዟት ነው?»

«ሊማከሩ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ሶፋ ጭና ቢያዩዋት ምን ይላሉ?»

«ፒካፕ ይሏታላ!»

እህቴ እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ድምፅዋ አልጨመረም፤ ቀነሰ እንጂ። «ስማኝ» አለች። «ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ሁለተኛ የሚሰጠኝ የለም። 'የሶፋዋ ሴትዮ አታደርስም' የተባልኩ ቀን ይሄን ወርክሾፕ በእጄ እቆልፈዋለሁ። ገባህ?» አማካሪውም ነገሩ የገባቸው መሰለኝ፤ ምክንያቱም፣ «እስቲ ጉዳዩን ዳኛው ከሄዱ በኋላ በሰፊው እናየዋለን» አሉ። ይህን አነጋገር ቢሮ ውስጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ትርጉሙ «የለም» ነው።

ጡረታ የወጡት ዳኛ መጡ። የመጡት በራሳቸው ፒካፕ ነው፤ እንደኛዋ ተቀላቅላ የተሠራች ሳትሆን ከአናቷ እስከ ጅራቷ ለጭነት የተፈጠረች፣ እዚህም እዚያም የተጎደጎደች፣ ስትቆም እንኳ የምትንገጫገጭ። ዳኛው ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወረዱ።

«እህህህ! ይቺ ጨካኝ! ወንድሜ ነው ከእርሻው ያወረሰኝ። ባሌስትራዋ የብረት አይደለም፣ የድንጋይ ነው። አከርካሪዬን ፈጨችው እኮ!»

ዳኛው የተከበሩ፣ ሰውን የሚያዳምጡ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ብቻ ዕድሜ ስለ ተጫነው ፊደሉን ሁሉ አላልቶ ነው የሚሰማው። እህቴ ሻይ አቀረበችላቸው። አማካሪው በእኛዋ መኪና ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና ምስጋናውን ጀመሩ። ልስላሴዋ! ድምፅዋ! ቁጠባዋ! ዳኛው መቀመጫው ላይ ትንሽ ከፍ ዝቅ ብለው ሲያበቁ ፊታቸው በራ። ወገባቸውን አላመማቸውም።

«እንዴት ያለች ናት!» አሉ። «ዕድለኛ ነህ ልጄ።»

ክፉ ቀን የሚመጣው በትሕትና በኩል ነው። አማካሪው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ የወግ ነውና፣ «አረ ክቡር ዳኛ፣ ለእርስዎማ እንኳን መኪና ነፍሴንስ ብሰጥ! የእርስዎ ናት፤ ይውሰዷት!» አሉ።

ይህን ቃል ሁላችንም ስንት ጊዜ ብለናል። «ብሉልኝ»፣ «እደሩ»፣ «የእርስዎ ነው» እንላለን፤ የሚበላም የሚያድርም የሚወስድም የለም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እህቴ ግን ያመለጠውን አፍ እዚያው አፈፍ አደረገችው።

«ክቡር ዳኛ» አለች የሻይ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች። «ባለቤቴ ቃሉ አንድ ነው። ነፍሱ ትቆየው። መኪናዋን ይውሰዱና ያቺን ፒካፕዎን ይስጡን። አሁኑኑ።»

አማካሪው ክራቫታቸውን ነኩ። ደግመው ነኩ። «አልሰጥም» እንዳይሉ በሰው ፊት፣ ያውም በዳኛ ፊት፣ የእርስዎ ናት ብለዋል። ክብራቸውንም መኪናቸውንም የሚያተርፍ አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷቸዋል። ጊዜ ሳያጠፉ ገቡበት፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መኪናዋ እውነቱን መናገር ጀመሩ።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ እርስዎን አልበድልም። ዳገት አትወጣም። ይሄ ልጅ ነው የሚገፋት» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። አመሰገንኳቸው፤ በአደባባይ ስጠቀስ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዳኛው ፈገግ አሉ። «እኔ ዳገት ምን ልሠራ እወጣለሁ? ጡረተኛ ነኝ ልጄ፤ የያዝኩት ቁልቁለቱን ነው።»

«ዘይት ታፈሳለች!»

ዳኛው ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩ። «ደረቅ ነው።»

«የሚፈስ ስላልቀረ ነዋ! ጭነት አትችልም! ኬሻ እንኳ ጭና አታውቅም!»

«እሱስ ያስታውቃል፤ ምንኛ በክብር ይዘኻታል!» ዳኛው ወደ እህቴ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ጆሮው የማይሰማ ሰው ዝቅ አደረግኩ ሲል ለጎረቤት ይሰማል። «ዕድሜዬን ሙሉ ምስክር ሰምቻለሁ። ሊሸጥ የሚፈልግ ያመሰግናል፤ ሊያስቀር የሚፈልግ ያጣጥላል። ይሄ ሰውዬ ምን ያህል ቢወዳት ነው እንዲህ የሚያማት?»

«ክቡር ዳኛ፣ እውነቱን ነው» አለች እህቴ፣ ሰው ማታለል አይሆንላትምና። «ዳገት በእርግጥ አትወጣም። ዘይቷንም ማስሞላት አለብዎት።»

«አንቺም ሳሳሽላት?»

አማካሪው ትዕግሥታቸው አለቀ። ከንፈር ማላላቱን፣ ሕፃን ማስተኛቱን ሁሉ ረሱት። ብድግ ብለው፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ «ሽ»ን በሁለት እግራቸው የረገጧት ያህል አጥብቀው ጮኹ።

«ሰውዬ! ይቺ መኪና በሽታ ናት! በሽታ! በሽታ!»

ዳኛው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው። «አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ። በሽታ እንደምትሄድማ አገር ያወራል። ዝናዋን ሰምቼ አይደል የመጣሁት?»

ቁልፍ በቁልፍ ተለዋወጡ። ዳኛው የእኛዋን ይዘው ሲወጡ መንገዱ ቁልቁል ነበርና ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ወረደች። ፈገግታቸው በመስኮቱ ታየን። እንዲህ የረካ ገዢ ታይቶ አይታወቅም፤ ሻጩ እንባ እያነቀው እውነቱን ነግሮት ገዝቷልና።

ከዚያ በኋላ የምናወራበት ጊዜ አልነበረንም። እኔና እህቴ ሶፋዎቹን በዚያች ጨካኝ ፒካፕ ላይ ደረደርናቸው። ሁሉም ገቡ። ሸራ ጣልንባቸው፣ በገመድ ጠፈርናቸው። እህቴ መሪውን ያዘች፤ ትራሶቹ ከጎኗ ተደርድረው ለሌላ ሰው ቦታ አልተረፈም። አማካሪው በራፍ ላይ ቆመው ቀሩ። ዝናቡ ደግሞ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ይምጡ፤ ከኋላ ሸራው ሥር ቦታ አለ» አልኳቸው። እኔ ጨካኝ አይደለሁም።

ግራ ቀኝ አዩ። ወጡ። ዳር ላይ ባለው ባለ አንድ ሰው ሶፋ ላይ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ ቁጭ አሉ። እህቴ ሞተሩን አስነሳችው፤ ወደ ማረፊያው የሚወስደውን ዳገትም እያጓራ ወጣው። ማንም አልገፋም። እኔ ከኋላ ከሶፋዎቹ መሐል ተቀምጬ እጄን የማደርግበት አጥቼ ኪሴ ከተትኩት።

መንገደኛው ከፍ ባለ ቦታ፣ በአዲስ ሶፋ ላይ፣ ሸራ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋለት ባለ ክራቫት ሰው ሲያልፍ አይቶ፣ ትልቅ ሰው መስሎት ኮፍያውን አነሳ። አማካሪው መጀመሪያ ደነገጡ። ሁለተኛው ሰው ኮፍያውን ሲያነሳላቸው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ መስጠት ጀምረው ነበር።

ማረፊያው በር ላይ ደረስን። ሴትዮዋ ከሱቅ ሊያመጣ የተዘጋጀውን ሰው «ተወው፣ መጡ!» እያለች ወጣች። እህቴ ከመሪው ወርዳ እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገቻቸው። ወዲያው ፊቷን ጠርጋ ሸራውን ገለጠች። ሴትዮዋ ሶፋዎቹን አየች፣ ደረቅ ናቸው፣ ደስ አላት። ዓይኗ ዳር ላይ የተቀመጡት ላይ ሲደርስ ግን ቆመች።

«እነዚህን አዝዣለሁ» አለች። «ይሄኛውን ግን አላዘዝኩም።»

«አብሮ የመጣ ነው» አለች እህቴ።

«ምን ይሠራል?»

እህቴ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፤ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው እንደሚያይ፣ ጎማውን፣ ወገቡን፣ ጀርባውን። «እስካሁን ተሞክሮ አያውቅም» አለች። ወደ ትልቁ፣ ለሦስት ሰው ወደሚሆነው ሶፋ ሄዳ አንዱን ጫፍ አመለከተቻቸው።

አማካሪው ሴትዮዋን አዩ፣ በሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወሩትና ጎንበስ ብለው ጫፉን ያዙ። እኔ በሌላው ጫፍ ነበርኩ። ብድግ! ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ ሳይደናቀፉ፣ ሳያርፉ ወጡት። ከላይ ስንደርስ ከታች የእህቴ ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ግድም አልሰጣት።

«ወይ ጉዴ! ለካስ ይጭናል!»